የአጣቢዎቹ ንግሥት

«ቀና አድርገው ይያዙት እንጂ ሙሴ ኦክታቭ። ንግሥቲቱን እዚህ ጭቃ ላይ ሊደፏት ነው?»

ከፊት የከሰል ነጋዴው ዤሮ የሥዕሉን ጠርዝ ትከሻው ላይ አድርጎ እንደ በሬ ይጎትታል። ከኋላ ሙሴ ኦክታቭ ባርኔጣው ዓይኑ ላይ ወርዶ፣ የቀለም ሣጥኑ ከወገቡ ጋር እየተጋጨ ይንገዳገዳል። እኔ መሀል ገብቼ ነፋስ እንዳይወስደን ከሥር ደግፌያለሁ። ሸራው የጋጣ በር ሁለቱን ክንፍ ያክላል። የሴንን ወንዝ ዳር ይዘን ወደ ምዕራብ ስንሄድ ነፋሱ በነፈሰ ቁጥር ሦስታችንንም ወደ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮቹ ሣጥን ይገፋናል። እነሱ ይሰድቡናል፣ እኔም ዝም አልላቸውም።

ቀኑ ለዓመታዊው የሥዕል ትርኢት ሥዕል የማስረከቢያው የመጨረሻ ቀን ነበር። የፓሪስ ሠዓሊ ሁሉ ዓመት ሙሉ ተኝቶ ከርሞ በዚያች ቀን ነው የሚነቃው። ከየጣሪያው ሥር፣ ከየጓዳው ሥዕሉን እያወጣ፣ ከፊሉ በጋሪ፣ ከፊሉ በጀርባው፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ሻንዜሊዜ ወዳለው ወደ ትልቁ አዳራሽ ይሮጣል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ሥዕል ይዞ ቢመጣ አያስገቡትም ይባላል። ከገባ በኋላ ደግሞ ዳኞች አሉ። የወደዱትን ይሰቅላሉ፣ ያልወደዱትን ከጀርባው ቀይ ማኅተም መትተው ይመልሳሉ።

ሙሴ ኦክታቭ ቴሶኒዬ ሁለት ቀይ ማኅተም ነበረው። አባቱ ኦሴር ከተማ ውል አዋዋይ ናቸው፤ ዘንድሮም ከመለሱብህ ብሩሽህን ጥለህ ና፣ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ወንበር አዘጋጅቼልሃለሁ ብለውታል። ስለዚያ ወንበር ሲያወራ ስለ መቃብሩ የሚያወራ ይመስል ነበር። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ እንጂ በሆዴ ልጅ ነው የምለው። ሸሚዙን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ስንት ቁልፍ እንደጎደለው አውቃለሁ።

እኔ ዜሊ ቬሮን ነኝ፤ ከሞቤር አደባባይ በታች ወንዙ ላይ በታሰረው የአጣቢዎች ጀልባ ላይ የምሠራ። ሥዕሉ የእኛው ጀልባ ነው። እኛ አጣቢዎች የጾም እኩሌታ በደረሰ ቁጥር ከመካከላችን አንዷን ንግሥት አድርገን እንመርጣለን። ያን ቀን ውኃ የሚነካ እጅ የለም። ሙሴ ኦክታቭ የሣለው ያለፈው ዓመት ንግሥት ስትነግሥ ነው፤ ሴቶቹ እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ ከብበዋት፣ እሷ የወርቅ ወረቀት ዘውድ ደፍታ፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ስትይዝ። ንግሥቲቱ ኤርኔስቲን ነች፤ ታላቅ እህቴ። በጥር ሳንባዋን ታማ ሞተች።

ፎቶግራፍ የለንም። ፎቶግራፍ የሚነሳ የት እናውቃለን። የኤርኔስቲን ፊት በዚህ ዓለም ላይ ያለው እዚያ ሸራ ላይ ብቻ ነበር። እኔ ሙሴ ኦክታቭ ስለጠየቀኝ አይደለም ሥራ ትቼ የወጣሁት፤ እህቴን ልሸኝ ነው።

ድልድዩ ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አንዲት ድንች ጠባሽ ሴት ከምድጃዋ ቀና ብላ አየችን። አየችንና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«የኔ ልጅ» አለችኝ፣ «የዚያች ባለ ዘውዷ ፊት ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም። ቆንጆ ነበረች።»

«እሱማ ቆንጆ ነች። ግን እየወረደች እኮ ነው።»

«ዤሮ፣ ቁም።»

ወንዙ ዳር ካለው የድንጋይ አጥር ጋር አስደግፈን አቆምነው። ያኔ አየሁ። ዘውዱ እንዳለ አለ። ከሥሩ ግን የእህቴ ግንባር ረዝሞ፣ ዓይኖቿ ጉንጮቿ ላይ ደርሰዋል፣ አፏ ወደ አገጯ ሄዷል። ቀለሙ የተፈላ ወተት ላይ እንደሚቆም ስልባቦት ተሸብሽቧል። ለሁለተኛ ጊዜ የሞተችብኝ ነው የመሰለኝ፤ ያውም በዓይኔ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ።

ሙሴ ኦክታቭ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሬንጁ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን?»

«ሬንጅ። ከሥር የቀባሁት።»

«ጀልባ የሚለቀለቅበት ሬንጅ? እህቴን በጀልባ ሬንጅ ነው የሣሏት?»

«እንደሱ ያለ ነው። ሠዓሊ ሁሉ ይቀባዋል፤ መምህሬ ሙሴ ብሬቪል ራሱ ይቀባዋል። ጥላው እንደ ማር ነው የሚያበራው፣ ዜሊ። ሌላ ቀለም እንደሱ አይሆንም። ችግሩ አይደርቅም። ቶሎ ይድረቅ ብዬ ምድጃውን አስጠግቼው ከረምኩ፣ ይኸው አሁን ፀሐዩ ጨረሰው።»

ዤሮ እንደ ዕቃ ገዢ ሥዕሉን ዞሮ ዞሮ አየው። «እንግዲህ ሙሴ» አለ፣ «እኔ ከሰል ነጋዴ ነኝ፣ የምሸጠውን ጥቁር ነገር አውቀዋለሁ። እርስዎ የማይደርቅ ነገር ምድጃ ላይ ጥደው ምን ይሆናል ብለው ነበር?»

«ዝም በል ዤሮ» አልኩት።

ሙሴ ኦክታቭ ግን አልተቆጣም፤ የሆነ ነገር ትዝ ብሎታል። መምህሩ ቤት የአንድ ኮሎኔል ሥዕል ነበር አለን፤ ግራ ዓይኑ ጢሙ ድረስ ወረደ። ሥዕሉን ክረምቱን ሙሉ ገልብጠው ሰቀሉት፤ ዓይኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሠዓሊዎቹ ሁሉ ይህን የሚያወሩት እንደ ብልሃት ነው፤ አንዳቸውም መጀመሪያውኑ ሬንጁን ብንተወውስ አላሉም። ይህን የምላችሁ አሁን ነው። ያኔ ግን ኮሎኔሉ ዓይኑ ከተመለሰለት እህቴም ይመለስላታል ብዬ ሸራውን ቀድሜ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ገለበጥነው። ኤርኔስቲን በአናቷ ተተክላ፣ ጀልባው ወደ ላይ፣ ሰማዩ ወደ ታች ሆኖ ድልድዩን ተሻገርን።

ሻንዜሊዜ በዚያ ቀን ምን እንደሚመስል የማያውቅ ፓሪስ ውስጥ የለም። የሥዕል ተማሪ ሁሉ መንገዱን ይዞ ቆሞ፣ የሚመጣውን ሥዕል እያየ ይጮኻል፣ ያፏጫል፣ እንደ ዶሮ ይንጫጫል። ደህናውን ሥዕል እንኳን አይምሩም፣ ተገልብጦ የመጣውንማ ምን ልበላችሁ።

«ሴትዮዎቹ ሰማይ ውስጥ ሊወድቁ ነው፣ ያዟቸው» አለ አንዱ።

«ዳኞቹን በእጃቸው ሊያስቆሟቸው ነው» አለ ሌላው።

አንዱ ጢም ያላበቀለ ደግሞ ከፊቴ ኋላ ኋላ እየሄደ፣ «የኔ እመቤት፣ ቀሚስሽስ በየት በኩል ነው የሚለበሰው?» አለኝ።

ሰው ማስመሰል አውቅበታለሁ። ጀልባው ላይ የምታወቀው በዚያ ነው፤ አለቃችንን ማዳም ኮርኒዬን፣ ቄሱን፣ ፖሊሱን፣ ማንንም ቢሆን አንዴ ካየሁት ድምፁንና አፉን አመጣዋለሁ። አገጬን አወጣሁና የልጁን ቀጭን ድምፅ፣ ኋላ ኋላ መሄዱን፣ ጢም የሌለውን ከንፈሩን መዳበሱን ሁሉ መለስኩለት። ጓደኞቹ በእሱ ሳቁበት። ልጁ ጆሮው ቀልቶ ከመንገዳችን ወጣ።

አዳራሹ አጠገብ ካሉት ዛፎች ሥር ስንደርስ አወረድነውና ወደ ቀናው መለስነው። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን።

አልተመለሰችም። የወረደው ወርዶ ቀርቶ፣ ከላዩ የነበረው ደግሞ ወደ ግንባሯ ተሰብስቦ አፍና አፍንጫው አንድ ላይ ሆኗል። እህቴን ሳይሆን የረጠበ ጨርቅ ነበር የማየው። አልቅሼ ቢወጣልኝ ደስ ባለኝ፤ አልወጣልኝም።

ሙሴ ኦክታቭ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። «እንመልሰው» አለ። «በቃ። ለአባቴ ዛሬውኑ እጽፋለሁ።»

«የት ነው የምንመልሰው?»

«ቤት። አላስረክብም።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። «ይስሙኝ ሙሴ ኦክታቭ። እርስዎ ወንበር አለዎት። እህቴ ምን አላት? በዚያ ብርድ መስኮትዎ ሥር እየቆመች፣ እያሳለች የተሣለችልዎት ለምን ይመስልዎታል? ለእርስዎ ዓይን ብላ ነው? ‹ሸሚዛቸውን የማጥብላቸው ወይዛዝርት አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዩኛል› ትል ነበር። በየማታው ይህንኑ ነው የምትለው። እዚያ ውስጥ ትገባለች። ፊት ከሌላት ፊት ይስጧት።»

«ከየት አምጥቼ?»

«ንድፏስ? ስንቴ በእርሳስ ሥለዋታል።»

«አቃጠልኩት» አለ። «የመጨረሻ ቀን ስትመጣ ትንቀጠቀጥ ነበር። ከሰል አልቆብኝ ነበር፣ ዜሊ። ያለኝን ወረቀት ሁሉ ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት።»

ዤሮ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ከኋላችን ሠዓሊዎቹ እየሮጡ ያልፋሉ።

ሙሴ ኦክታቭ ቀና ብሎ አየኝ፤ ቅድም ልጁን ሳስመስል ያየኝበት አስተያየት አሁንም ዓይኑ ውስጥ አለ። «አንቺ አለሽ» አለ።

«እኔ እሷን አልመስልም። አፍንጫዬ ሌላ፣ ግንባሬ ሌላ።»

«አፍንጫሽን አልፈልግም፣ አፍንጫዋን እጄ ያውቀዋል። የሚጠፋብኝ ሳቋ ነው። አስመስያት።»

«አይሆንም።»

«ዜሊ …»

«አይሆንም አልኩ እኮ።»

ምክንያት ነበረኝ። ኤርኔስቲን በልጅነቷ ወድቃ ጥርሷ ተሸርፏል። ስትስቅ እንዳይታይባት ከንፈሯን በአንድ ወገን ትነክስና ሳቁ በዓይኗ በኩል ይወጣል። ያንን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አስመስልባት ነበር፤ ምግብ ላይ ትይዩዋ ተቀምጬ። እሷ ዳቦ ትወረውርብኛለች፣ እናታችን ትስቃለች። ከቀብሩ ሳምንት በኋላ እራት ላይ ሳላስበው፣ እጄ ማንኪያ እንደሚያነሳው ሁሉ፣ ከንፈሬን ነከስኩ። እናቴ ሳህኗን ትታ ተነሳች። ግድግዳው ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። «ሁለተኛ» አለች፣ «በዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳታደርጊው።» እኔም በእህቴ አጥንት ማልኩላት።

እና አሁን ይህ ሰው እዚህ አገር ምድሩ በሚያልፍበት አድርጊው ይለኛል። ደግሞ ሥዕሉ ከተሰቀለ እናቴ ታየዋለች። ከማንም ብደብቅ ከእሷ አልደብቅም።

የአዳራሹ ጠባቂ በሩ ላይ ወጥቶ ደወል መታ። ገና ነው፣ ግን እየተቃረበ ነው ማለቱ ነው። ሥዕሉን አየሁት። እዚያ የቀረው ነገር ማንም አይደለም፤ ዘውድ ብቻ ነው። ኤርኔስቲን ብትሆን ምን ትለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ዳቦ ትወረውርብኝ ነበር።

«ይፋቁት» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ? ከተፋቀ በኋላ …»

«ይፋቁት ብያለሁ። ሬንጁን ሥሩ ድረስ ያውጡልኝ። ሁለተኛ አትቀልጥም።»

ሸራውን እኔ ያዝኩለት። ቢላውን አወጣና ከግንባሯ ጀምሮ ፋቀ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ቡናማው ነገር እየተጠቀለለ ሣሩ ላይ ወደቀ። ከዚያ ቦታውን ተርፔንታይን በሚባለው የቀለም ማስለቀቂያ በተነከረ ጨርቅ እስኪነጣ ድረስ አሸው። ዘውዱ ሥር ባዶ ሸራ ቀረ።

«ዤሮ» አለ ሙሴ ኦክታቭ፣ ከሣሩ ላይ የተነሳው ሰው ሌላ ሰው ነበር፣ «ማንም ሰው ብርሃኑን እንዳይከልልብኝ።»

«ማን ይከልላል» አለ ዤሮ፣ እጅጌውን ሰብስቦ እንደ በር ቆመ።

እኔም ሸራውን ዛፉ ላይ አስደግፌ ፊቱ ቆምኩ። መጀመሪያ አልመጣልኝም። ከዚያ ማዳም ኮርኒዬ ወንዝ ውስጥ የወደቀች ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ኤርኔስቲን ባልዲዋን ይዛ ቆማ፣ አለቃ ላይ መሳቅ ስለማይቻል ከንፈሯን እንዴት እንደነከሰችው። ነከስኩት። ዓይኔ ጠበበ፣ ትከሻዬ ትንሽ ወደ ላይ ወጣ። በዚያች ቅጽበት እህቴ በውስጤ ቆማ ነበር፤ እግዜር ይወቀው፣ ሽታዋ ሳይቀር መጣልኝ። ፊቴ ግን አልተነቃነቀም።

«እንደዚያው ቆዪ» አለ። «አትተንፍሺ ብልሽ ደስ ባለኝ።»

ያለ ሬንጅ፣ ያለ ማር፣ ያለ መምህሩ፤ ነጭ ከሆነ ነጭ፣ ቀይ ከሆነ ቀይ አድርጎ እየጫነ ሄደ። ሲያፏጩ የነበሩት ተማሪዎች መጥተው ከበቡን። አንዱ ሊቀልድ አፉን ሲከፍት ዤሮ አየው፣ አፉን ዘጋ። ቆይቶ መቀለድ የፈለገም አልነበረም፤ የሚሰማው የብሩሹ ኮሽታ ብቻ ሆነ። ከንፈሬ ደነዘዘ። እንባዬ ወረደ፣ አልጠረግሁትም። «እንባው ይቅር፣ ሌላው ሁሉ ይሁን» አለ ዓይኑን ሳያነሳ።

ሁለተኛው ደወል ሲመታ ሸራውን አንስተን ሮጥን። ሦስታችን አይደለንም፤ ቅድም ሲሰድቡን የነበሩት ልጆች ከየጎኑ ገብተው ያዙ። ጠባቂው በሩን ግማሽ ዘግቶታል። «ዘግይታችኋል» ከማለቱ ዤሮ ትከሻውን በሩ ውስጥ አስገባ፤ ያን ትከሻ ደግሞ የሚዘጋ በር አልተሠራም። ቀለሙ ሳይደርቅ ተረከቡን።

ዳኞቹ ተቀበሉት። ደህና ቦታ ሰጡት ብዬ አልዋሻችሁም፤ በሠዓሊው ስም ፊደል ተራ በደረሰው ክፍል ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር፣ አንገት እስኪሰበር ቀና ካላሉ የማይታይበት ሰቀሉት። ኤርኔስቲን ግን የፈለገችው ይህንኑ አልነበር? ወይዛዝርቱ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። የኦሴሩ ወንበር ባዶውን ቀረ፤ ሙሴ ኦክታቭም ዕድሜውን ሙሉ ሬንጅ በእጁ አልነካም። የዚያ ሥዕል ጀልባና ጥላው ሁሉ ዛሬ እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቋል፣ ጠቁሯል። ፊቷ አንድ ስንጥቅ የለውም።

የግንቦት እሑድ፣ መግቢያው በነፃ በሆነበት ቀን፣ ጀልባው በሙሉ መጣ። ማዳም ኮርኒዬ የሐር ባርኔጣዋን አድርጋ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። ክፍሉ ጋ ደርሰው ቀና አሉ።

«ኤርኔስቲን» አለች አንዷ፣ አፏን ይዛ።

«ራሷ ናት። አያችሁ፣ ልትሰድበኝ ስትል እንዲህ ነበር የምትሆነው።»

«ምንም አልቀረ። ነፍስ ብቻ።»

ዓይኔ እናቴ ላይ ነበር። ጥቁሯን ሻርፕ አገጯ ሥር ይዛ፣ ከሁሉም ኋላ ቆማ ታያለች። ሌሎቹ አልቅሰው፣ ራሳቸውን በሥዕሉ ውስጥ ፈልገው፣ ክንዴን ወፈር አደረገው ብለው ተጨቃጭቀው ወደ ሌላው ክፍል አለፉ። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። አጠገቧ ሄድኩ። መሐላዬን ስላፈረስኩ የምለው ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ቀደመችኝ።

«ኤርኔስቲን በቀኝ በኩል ነበር የምትነክሰው» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከላይ ሳታወርድ።

«እማዬ …»

«ይቺ በግራ ነው የነከሰችው። አንቺ ትይዩዋ ተቀምጠሽ ስለምታስመስያት ሁልጊዜ ይገለበጥብሻል። ከልጅነትሽ ጀምሮ።»

«ፊቷ ጠፍቶ ነበር እማዬ። ሌላ መንገድ አልነበረም።»

ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ሻርፑን ለቀቀችና እጄን ያዘች። የካውያ ጠባሳ ያለበት እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

«እስቲ አሳዪኝ» አለች።

«እዚህ?»

«እዚህ። ሁለታችሁም ናፍቃችሁኛል።»

ጀርባዬን ለሥዕሉ ሰጥቼ ፊቷ ቆምኩ። ሰዎች ግራና ቀኝ ያልፋሉ። ማዳም ኮርኒዬን ወንዝ ውስጥ አሰብኳት፣ ባልዲውን አሰብኩት፣ የሚወረወረውን ዳቦ አሰብኩት። ከዚያ ከንፈሬን በቀኝ በኩል ነከስኩ።